የተቆረጠ ቅርንጫፍን በገመድ ማውረድ
ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በሐይቅና በአምባሰል ትልልቅ ዛፎች ብዙውን ጊዜ የሚገኙት በሰው መኖሪያ አጠገብ ነው። ዋንዛው ከጓሮው ቡናና ጌሾ በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከቆርቆሮ ቤቱ ጎን ይቆማል። አንድ ቅርንጫፍ ሲደርቅ ወይም ሲሰነጠቅ ብዙ ገበሬ ዛፉን ከሥሩ ይጥላል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ የአሮጌ ዋንዛን ጥላ ለመተካት ግን ብዙ ዓመታት ያስፈልጋሉ። አደገኛውን ቅርንጫፍ ብቻ ቆርጦ በገመድ ማውረድ ዛፉንም፣ ቤቱንም፣ ሰውንም ያድናል።

ክብደትን መገመት

እርጥብ እንጨት ከውኃ ጋር ተቀራራቢ ክብደት አለው፤ አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና 2 ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ወደ 140 ኪሎ ይደርሳል፤ ይህም አንድ ኩንታል ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ቁራጩ ጥቂት ወድቆ ገመዱ በድንገት ቢይዘው በገመዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከክብደቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለሆነም ገመዱ የሚያልፍበት ባላ ከሚቆረጠው ቅርንጫፍ በላይ መሆን አለበት፤ ገመዱም ከመቁረጥ በፊት ይወጠራል።

ባላው የቁራጩን ክብደትና ከታች የሚይዘውን ሰው ጉተታ አንድ ላይ ስለሚሸከም፣ ጭነቱ እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ወፍራም፣ እርጥብና ስንጥቅ የሌለው ባላ ይመረጥ።

ገመዱ

ገመዱ ከቁራጩ ክብደት ቢያንስ አሥር እጥፍ የሚችል መሆን ይገባዋል፤ ቋጠሮ ራሱ የገመድን ጥንካሬ ይቀንሳልና። በፀሐይና በእርጥበት የቆየ የቃጫ ገመድ ወይም መጫኛ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የወጣው ሰው የሚታሰርበት ገመድ ለብቻው ይሁን፤ ከእንጨቱ ገመድ ጋር ፈጽሞ አይገናኝ።

የሥራው ቅደም ተከተል

1. ዛፉ ላይ ቀፎ ወይም የንብ መንጋ አለመኖሩ ይታይ። አምባሰል የማር አገር ነውና ንብ የተነሣበት ሰው ከዛፍ ላይ የሚሸሽበት የለውም። የኤሌክትሪክ ሽቦ በአጠገቡ ካለ ሥራው የመብራት ኃይል ባለሙያ እስኪመጣ ይቆይ።
2. ከቅርንጫፉ ርዝመት ሁለት እጥፍ በሚሆን ዙሪያ ሰውና ከብት ይራቁ።
3. ገመዱ በባላው ላይ ያልፍና ቅርንጫፉ በሸምቀቆ ይታሰራል። በወፍራሙ ጫፍ ከታሰረ ቅጠላማው ጫፍ ቀድሞ ይወርዳል። ከሥሩ ጣሪያ ካለ ወደ ቅጠሉ ጠጋ ብሎ ይታሰር፤ ሁለተኛ ቀጭን ገመድም ታስሮ እንዳይወዛወዝ ይያዝ።
4. የገመዱ ታችኛ ክፍል በግንዱ ሥር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይጠመጠማል። ፍትጊያው አብዛኛውን ክብደት ስለሚይዝ አንድ ሰው ሊቆጣጠረው ይችላል። በእጅ ወይም በወገብ መጠምጠም ግን ሰውን አንጠልጥሎ ይወስዳል።
5. በመጋዝ መጀመሪያ ከሥር በኩል ሲሶው ያህል ይቆረጣል፤ ቀጥሎ ከላይ። ይህ ካልተደረገ ቅርንጫፉ የግንዱን ልጥ ይዞ ይገነጠላል።
6. ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ቁራጩ ቀስ እያለ ይውረድ፤ መሬት እስኪነካም ማንም ከሥሩ አይግባ።
7. የቀረው ጉቶ ከግንዱ ጋር ከሚያያይዘው እብጠት ውጭ ይስተካከል። እብጠቱ ካልተነካ ቁስሉ ቶሎ ይሽራል።

በነፋስ ወይም በዝናብ ጊዜ ሥራው አይጀመር።

ለማኅበራት

ለእያንዳንዱ አባል ገመድ መግዛት ከባድ ነው። ማኅበሩ አንድ ጥሩ ገመድ ገዝቶ በመጋዘን ቢያስቀምጥና ሁለት ሦስት ሰዎች ቢያሠለጥን ለቀበሌው ይበቃል። የልማት ሠራተኛው ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ገመዱን በእጁ እየዳሰሰ ይመርምር። የተፈተገ፣ የተቆረጠ ወይም በድንገተኛ ጭነት የተጎዳ ገመድ ለከብት ማሰሪያ ይውላል፤ ወደ ዛፍ ሥራ ግን አይመለስም።