አፕዴት ተከሶ ዲስክ ሲያመልጥ

አፕዴት ኮምፒውተር ይገድላል የሚለው ወሬ ቴሌግራም ላይ መዞሩን አላቆመም። ኩባንያዎቹ አዲስ ዕቃ እንድንገዛ አሮጌውን ሆን ብለው ያዘገዩታል፤ ስለዚህ አፕዴቱን ለዘለዓለም የሚያጠፋ ፕሮግራም ጫኑና ተገላገሉ ይለናል። ፕሮግራሙም ከመልእክቱ ሥር ተያይዞ ይመጣል። ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን ይዞ ኮምፒውተር ውስጥ እንዲገባ መፍቀድ አደገኛ መሆኑን በድጋሚ ለማስረዳት ትዕግሥቱ የለኝም። ወሬው የሚነሣበት ነገር ግን እውነት ነው፤ በአፕዴት ማግስት ብዙ ላፕቶፕ ይንቀራፈፋል። የሚያንቀራፍፈው ማን እንደሆነ ነው የተሳተው።

አፕዴት የተገኘ የደህንነት ቀዳዳ መድፈኛና የስህተት ማረሚያ ነው፤ ይኸው ይበቃል። ማወቅ ያለብን ላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ሃርድ ዲስክ ነው። ያገለገሉ ሆነው ከውጭ የሚገቡና በየቢሮው ያሉ ብዙ ማሽኖች ዛሬም የሚሠሩት በሚሽከረከር ዲስክ ነው። (ሰው ራሙንም ዲስኩንም «ሚሞሪ» ስለሚል፣ ማሽኑ ሲዘገይ ራም ተጨምሮለት ያው ሆኖ የሚቀርበት ደንበኛ ጥቂት አይደለም።)

የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ዝርግ ሳህኖቹን አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ ያሽከረክራል፤ በሰከንድ 90 ዙር ማለት ነው። ከሳህኖቹ በላይ፣ ጫፉ ላይ ማንበቢያ ያለው ክንድ ወዲያና ወዲህ ይላል። አንዲት ቁራጭ መረጃ ለማንበብ መጀመሪያ ክንዱ ወደ መስመሯ መድረስ አለበት፤ ከዚያ ደግሞ ቦታዋ ዞሮ ከማንበቢያው ሥር እስኪመጣ መጠበቅ ነው። አንድ ዙር 11 ሚሊሰከንድ ስለሚፈጅ ጥበቃው በአማካይ የዚያ ግማሽ፣ አምስት ተኩል ያህል ነው። የክንዱ ጉዞ አሥር ምናምን ሚሊሰከንድ ይጨምርበታል። ስንደምረው ዲስኩ በሰከንድ ማንበብ የሚችለው 60 ያህል የተበታተኑ ቁራጮችን ብቻ ነው። እያንዳንዷ ቁራጭ 4 ኪሎባይት ብትሆን በሰከንድ የሚገኘው 240 ኪሎባይት ነው፤ አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም።

ያው ዲስክ ግን ተከታትሎ የተቀመጠ ፊልም ሲያነብ በሰከንድ ወደ 100 ሜጋባይት ያወጣል። ልዩነቱ አራት መቶ እጥፍ ነው። ገበያ ወርዶ ሃያ ኪሎ ሽንኩርት በአንድ ሸክም ይዞ በመመለስና ለእያንዳንዷ ሽንኩርት ገበያ ደርሶ በመመለስ መካከል ያለው ልዩነት ማለት ነው። ገበያተኛው አልሰነፈም፤ ጊዜውን የበላው መንገዱ ነው።

አፕዴት ደግሞ ዲስኩን የሚያሠራው በዚህ ሁለተኛው መንገድ ነው። ዊንዶውስን እንውሰድ። የወረደው ጥቅል በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን ይነካል። ነባሩ ፋይል ይነበባል፣ ለውጡ ይገባበታል፣ ትክክለኛነቱ ይጣራል፣ ምናልባት ወደ ኋላ መመለስ ካስፈለገ ተብሎ የቀድሞው ቅጂ ይቀመጣል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ሌላ ተራ ይመጣል። አዲሶቹ ፋይሎች ለጸረ ቫይረሱ እንግዳ ስለሆኑ ይፈትሻቸዋል፤ የፍለጋ ማውጫው ይታደሳል፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች ለማሽኑ እንዲስማሙ እንደገና ይዘጋጃሉ። ራም ውስጥ ተቀምጦ የነበረው ሁሉ በመጥፋቱ አሳሹም ሆነ ወርዱ ከዲስኩ እንደ አዲስ መነበብ አለባቸው። ሁሉም በአንድ ክንድ ላይ ይሻማሉ። ክንዱ ለአንዱ ሲደርስ ሌላው ከወዲያኛው ጫፍ ይጠራዋል።

ታስክ ማናጀርን የከፈተ ሰው ይህንን በዓይኑ ያያል፤ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ቀልቶ፣ የሚተላለፈው መረጃ ግን በሰከንድ አንድ ወይም ሁለት ሜጋባይት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ቫይረስ ገባ ብሎ ፎርማት ለማስደረግ ይሮጣል። ሽክርክሪት የሌለው ኤስኤስዲ ግን ለአንዲት ንባብ የሚፈጅበት ከሚሊሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ያንኑ አፕዴት ሲቀበል ባለቤቱ ላያውቀው ይችላል።

ዊንዶውስ ይህን የጓዳ ሥራ ሰው በማይጠቀምበት ሰዓት ለመጨረስ ይሞክራል፤ የዕለቱ ጥገና ሳይነኩት የሚነሣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። እኛ ግን ላፕቶፑን ለሥራ ስንፈልግ ከፍተን ስንጨርስ የምንከድን ሰዎች ነን፤ መብራትም በመሃል ይጠፋል። ስለዚህ ያደረ ሥራ ሁሉ እኛ ስንቀመጥ ይነሣል። ተናደን የማብሪያውን ቁልፍ ተጭነን ስናጠፋው ደግሞ የተጀመረው ተሰርዞ በሌላ ቀን እንደገና ይጀመራል። ቻርጀር ሰክቶ ሌሊቱን ክፍት መተው ብዙ ማሽን ያስታግሳል። የዳታ ወጪ ላሳሰበው፣ ኮኔክሽኑን «ሜተርድ» ብሎ መሰየም አብዛኛውን ማውረድ ያስቆማል፤ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አያሻም።

አፕዴት በፍጹም አያዘገይም ግን አልልም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ሜልትዳውን እና ስፔክተር የተባሉት የፕሮሰሰር ጉድለቶች ይፋ ሲሆኑ፣ የሜልትዳውን መድፈኛ፣ ፕሮግራም ወደ ሲስተሙ እምብርት በተሻገረ ቁጥር ተጨማሪ ዋጋ እንዲከፈል አደረገ። ስንት ፐርሰንት አዘገየ ቢሉኝ ግን አንድ ቁጥር አልሰጥም። ድረ ገጽ የሚያነብ ሰው ብዙም አላወቀውም፤ ዲስክና ኔትወርክን በብዛት የሚጠራ ዳታቤዝ ግን ተሰምቶታል፤ የቆዩ ፕሮሰሰሮች ከአዲሶቹ ይልቅ ተጎድተዋል። በሙያችን ውስጥም ክርክሩ የሚለያየው እያንዳንዱ በለካው ሥራ ነው።

ወሬ አዛማቾቹ የሚወዱት የአይፎን ጉዳይም አለ። አፕል በ2017 መጀመሪያ ባወጣው አፕዴት ባትሪያቸው ያረጀ ስልኮችን ፍጥነት ቀንሷል፤ ይህንንም ያመነው በዓመቱ መጨረሻ ነው። ያረጀ ሊቲየም ባትሪ ድንገት ብዙ ኃይል ሲጠየቅ ቮልቴጁ ይወርድና ስልኩ ይጠፋል፤ ፍጥነቱ የተቀነሰው ያንን ለመከላከል ነበር። ፈረንሳይ በ2020 የ25 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት የጣለችበት ለተጠቃሚው ባለመንገሩ ነው። ባትሪው ሲቀየር ፍጥነቱ ይመለስ ነበር፤ አዲስ ስልክ ለማስገዛት ለተሸረበ ሴራ ይህ አይመችም።

አፕዴት የማጥፋት ዋጋም ታይቷል። ማይክሮሶፍት በማርች 14 ቀን 2017 አንድ መድፈኛ አወጣ። በሜይ 12 ዋናክራይ የተባለው ጥቃት በዚያው ቀዳዳ ገብቶ የብሪታንያ ሆስፒታሎችን ጭምር ሽባ አደረገ። መድፈኛው ለሁለት ወር ያህል ደጅ ቆሞ ነበር።

ኩባንያው ይከሰስ ከተባለ እኔም የምፈርምበት ጉዳይ ሌላ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕና ከኢንቴል በኩል በጥቅሉ ስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ያለው ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ሲገባለት የቢሮ ሥራ ያለ ችግር ይሠራል፤ በማይክሮሶፍት ሕግ ግን አዲሱን ሲስተም አይጭንም። ለግለሰብ ተጠቃሚ የተፈቀደው ተጨማሪ የደህንነት ጊዜ እስከ ኦክቶበር 2026 ነው። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ማሽን ላለው ሰው የምመክረው ሊኑክስ እንዲያስጭን ነው።