ከመድረክ ወደ ትምህርት ገበታ
ስለ «ኩዊን» ብዙ ያልተነገሩ ነገሮች

አንባቢ ሆይ፤ «ኩዊን» የሚባለውን የእንግሊዝ አገር የሙዚቃ ጓድ ዘፈን በሬዲዮ ሳይሰሙ አልቀሩም። ስሙ «ንግሥት» ማለት ነው። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 በሎንዶን የተቋቋመው የዚህ ጓድ አራት ሰዎች ሁሉም ኮሌጅ ገብተው የተማሩ መሆናቸውን ያውቁ ኖሯል?

ዘፋኙ ፍሬዲ መርኩሪ በ1946 በዛንዚባር ተወለደ። ሥዕልና ንድፍ ተምሮ ነበርና የጓዱን አርማ የነደፈው እሱ ራሱ ነው። ከበሮ መቺው ሮጀር ቴይለር የጥርስ ሕክምና ጀምሮ ወደ ባዮሎጂ ዞረ። ባስ ጊታር ይጫወት የነበረው ጆን ዲከን በኤሌክትሮኒክስ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ፤ ከቆሻሻ መጣያ ባነሣው የኤሌክትሪክ ዕቃም ትንሽ የድምፅ ማጉያ ሠርቶ ጓዱ በሸክላ ቅጂዎቹ ተጠቅሞበታል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የጊታር ተጫዋቹ የብራያን ሜይ ነገር ነው። አባቱ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቴክኒክ ንድፍ ሠራተኛ ነበሩ፤ ለልጃቸው የሚመኘውን ጊታር ለመግዛት አቅም አልነበራቸውም። ስለዚህ በ1963 አባትና ልጅ መጋዝና ሞረድ ይዘው ተነሡ። የጊታሩን አንገት ዕድሜው ከመቶ ዓመት ካለፈ የእሳት ምድጃ ክፈፍ ጠርበው አወጡ፤ ነቀዝ የበሳውን ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ደፈኑ። በውስጡ ያሉት ጥቅልል ሽቦዎች ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት የተፈቱ ናቸው። ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። ብራያን ሜይ ዓለምን የዞረው በዚሁ ጊታር ነው፤ ክሩንም የሚመታው በአሮጌ የ6 ፔንስ ሳንቲም ነው።

እኛንም የሚነካ ታሪክ አለው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በአገራችን በረሃብ ለተጎዱት ወገኖች ገንዘብ ለማሰባሰብ በሎንዶን ዌምብሊ ስታዲየም ትልቅ ኮንሰርት በተደረገ ጊዜ፣ «ኩዊን» ለ20 ደቂቃ ያህል ተጫውቶ ከ70 ሺህ በላይ የሆነውን ሕዝብ እጁን እያስጨበጨበ አብሮ አዘፈነው። ያ ጊታር በዚያ ቀን ለኢትዮጵያ ተመታ።

አሁን ደግሞ ወደ መጨረሻው ነገር እንምጣ። ብራያን ሜይ በ1970 በኢምፔሪያል ኮሌጅ፣ በፀሐይ ዙሪያ ስለሚገኘው የጠፈር አቧራ ለዶክተርነት ማዕረግ ጥናት ጀምሮ ነበር። በ1974 ግን የሙዚቃው ሥራ ስለ በዛበት ወረቀቱን አጥፎ አስቀመጠው። ዝናም ሀብትም ካገኘ በኋላ ማን ጠያቂ አለበት? እሱ ግን ከ33 ዓመት በኋላ ወረቀቱን አውጥቶ፣ በመካከሉ የተጻፈውን ሁሉ አንብቦ ጨመረበትና በ2007፣ በ60 ዓመቱ ዶክተር ሆነ።

እርስዎም፣ አንባቢ ሆይ፣ ቀን ቢሮ ውለው ማታ የሚማሩ፣ ወይም በኑሮ ምክንያት ትምህርትዎን በመካከሉ የተዉ ይሆናሉ። ደብተርዎ አቧራ ለብሶ ከሆነ አይፈሩ፤ ዶክተር ሜይም የተመረቀው በአቧራ ነው።