የታላላቅ ጃዝ ሙዚቀኞችን የመጀመሪያ ሸክላዎች እንዴት እንመዝን?

በማኅበራችን የሙዚቃ ምሽቶች ላይ ተደጋግሞ የሚነሳ ክርክር አለ። ከ1930ዎቹ የስዊንግ ዘመን ታላላቆች የአንዱ የመጀመሪያ ሸክላ ሲሰማ ከመካከላችን ገሚሱ «ይህማ ተራ ነው፤ ስሙ ነው ያገነነው» ይላል። ገሚሱ ደግሞ ስሙን ብቻ አይቶ እያንዳንዷን ድምፅ ያደንቃል። ሁለቱም ወገኖች አንድ የሚጋሩት ነገር አላቸው፤ ሸክላውን ሳይሰሙ ፍርዳቸውን ጨርሰዋል።

ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አይደለም። እነዚህ ሸክላዎች ሲቀረጹ ብዙዎቹ ሙዚቀኞች በእኛ ዕድሜ ወይም ከዚያ በታች የነበሩ፣ በዘር በተከፋፈለ አገር የሚሠሩ ጥቁር ወጣቶች ነበሩ። ምን እንደሚቀረጽም ብዙ ጊዜ የሚወስነው ኩባንያው ነበር። ስለዚህ ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን የሚከተሉትን ነጥቦች ለአንባብያን እናቀርባለን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛ፦ የመሣሪያውን ጉድለት ከሰውየው ጉድለት መለየት

ይህ በሕክምና ትምህርት ገና ከጅምሩ የምንማረው ነገር ነው፤ ለሸክላም ይሠራል። እስከ 1925 ድረስ ቀረጻ የሚካሄደው ያለ ማይክሮፎን ነበር። ሙዚቀኞቹ በአንድ ትልቅ ቀንድ መሰል መለከት ፊት ተጨናንቀው ይቆማሉ፤ የድምፁ ግፊት መርፌውን እያንቀሳቀሰ በሰም ላይ ይቀርጻል። በዚህ ዘዴ የሚያዘው በግምት ከ250 እስከ 2,500 ኸርትዝ ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ትልቁ ከበሮ በኃይል ቢመታ መርፌው ሊዘል ስለሚችል ብዙ ጊዜ ከቀረጻው ይወጣ ነበር። እንግዲህ የ1923 ሸክላ ሰምቶ «ምቱ ደካማ ነው» ማለት ያልተቀረጸውን ከበሮ መክሰስ ነው። ዛሬ በስልካችን የምንሰማቸው ቅጂዎችም እኩል አይደሉም፤ ጫጫታው እንዲጠፋ ከመጠን በላይ የተጣሩት የመሣሪያውን ቃናም አብረው ያደበዝዛሉ።

ሁለተኛ፦ የቀረጻውን ተጨባጭ ሁኔታ መመርመር

ባለ 10 ኢንች ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው 3 ደቂቃ ያህል ነው። ለአንድ ተጫዋች የሚደርሰው ድርሻ አንዳንዴ ከጥቂት ሰኮንዶች አያልፍም። ቢሊ ሆሊዴይ በኅዳር 1933 ከቤኒ ጉድማን ጓድ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቀረጽ 18 ዓመቷ ነበር። ዘፈኑ ቀልድ ቢጤ ነው፤ ቅኝቱም ለድምጿ ከፍ ያለ በመሆኑ ስትጣደፍ ይሰማል። በሐምሌ 1935 ከፒያኖ ተጫዋቹ ቴዲ ዊልሰን ጋር ስትቀረጽ ግን ቃሉን ከምቱ ወደ ኋላ እየሳበች በእርጋታ ትዘፍናለች። በመካከሉ ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት አይሞላም። ዘፋኟ አድጋለች፤ ነገር ግን አብረዋት የሚጫወቱት ሰዎችና የተሰጣት ነፃነትም ተለውጠዋል።

ሦስተኛ፦ የመጀመሪያው ሸክላ የመጀመሪያው ሙዚቃ አይደለም

በሽተኛ ክሊኒክ የመጣበት ቀን በሽታው የጀመረበት ቀን እንዳልሆነ ሁሉ፣ ሙዚቀኛ የተቀረጸበት ቀንም መጫወት የጀመረበት ቀን አይደለም። የሳክስፎን ተጫዋቹ ሌስተር ያንግ በ1936 ቺካጎ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀረጽ 27 ዓመቱ ነበር፤ በዚያ ሸክላ ላይ የምንሰማው የበሰለ ሰው ነው። ጀማሪ የነበረበትን ዘመን ማንም አልቀረጸለትም። ሌሎች ግን ልምምዳቸው ሳይቀር በአደባባይ ተቀርጿል። «ያንግ ሲጀምር ጀምሮ ፍጹም ነበር፣ ሆኪንስ ግን አልነበረም» የሚለው ንጽጽር እዚህ ላይ ይወድቃል።

አራተኛ፦ ሂደቱን መከተል

ኮልማን ሆኪንስ ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ ነው። በ1904 የተወለደው ይህ የቴነር ሳክስፎን ጌታ በ1923 ከፍሌቸር ሄንደርሰን ጓድ ጋር ሲጫወት አነፋፉ የተቆራረጠና ጠጣር ነው፤ ምላሱን ከሸምበቆዋ ላይ እያላቀቀ የጥፊ ዓይነት ድምፅ ያወጣል። በ1924 ሉዊ አርምስትሮንግ ወደ ጓዱ ገባ፤ ሐረግን ማስረዘምና ምቱን ማላላት ምን እንደሆነ በየምሽቱ አጠገቡ ተሰማ። በ1926 «ዘ ስታምፒድ» በተባለው ሸክላ ላይ የሆኪንስ ነጠላ ጨዋታ ወደ ፊት ይገሰግሳል፤ ሮይ ኤልድሪጅ በወጣትነቱ ይህንኑ ጨዋታ በትራምፔት በቃሉ አጥንቶታል። በ1929 «ዋን አወር» ላይ ደግሞ ለስላሳና ረጅም ዜማ እናገኛለን። በመጨረሻም በጥቅምት 1939 «ቦዲ ኤንድ ሶል»ን ሲቀርጽ የዘፈኑን ዜማ ገና ከመግቢያው ትቶ በስምምነቶቹ ላይ አዲስ ዜማ ይገነባል። የ1923ቱን ብቻ የሰማ ሰው ሆኪንስን ይንቃል፤ የ1939ኙን ብቻ የሰማ ደግሞ 16 ዓመት የፈጀውን ሥራ እንደ ተአምር ይቆጥረዋል።

አምስተኛ፦ ድክመትን ድክመት ማለት

ከዚህ በላይ ያልነው ለሁሉም ይቅርታ መደርደሪያ እንዳይሆን እንጠነቀቃለን። በ1973 አዲስ አበባን የጎበኘው ዱክ ኤሊንግተን በ1924 ያስቀረጻቸው የመጀመሪያ ሸክላዎች ተራ ናቸው፤ በዚያው ዓመት፣ በዚያው መሣሪያ፣ ከዚያ የተሻሉ ሌሎች ተቀርጸዋል። መሣሪያውን መክሰስ አይቻልም። በ1926 ግን «ኢስት ሴንት ሉዊስ ቱድል-ኡ» ላይ በበበር ማይሊ የሚያጉረመርም ትራምፔት ዙሪያ የራሱ የሆነ ድምፅ ተፈጠረ። የመጀመሪያውን ደካማ ብለን ካልጠራን የሁለተኛውን እርምጃ ርቀት ልንለካ አንችልም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው የሙዚቃ ምሽታችን ሐሳብ እናቀርባለን። የአንድ ሙዚቀኛ ሁለት ሸክላዎች፣ አንዱ የመጀመሪያ፣ ሌላው ከዓመታት በኋላ የተሠራ፣ ስም ሳይጠራ ተከታትለው ይሰሙ። ከእነሱም ጋር የመጀመሪያው በወጣበት ዓመት ሌላ ሰው የቀረጸው አንድ ሸክላ ይጨመር። ስሞቹ የሚነገሩት ሁላችንም የሰማነውን ከተናገርን በኋላ ይሁን። ያን ጊዜ ክርክራችን በስም ላይ ሳይሆን በሙዚቃው ላይ ይሆናል።