ኦቲዝምና መንስኤው

ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ ሰው ዐይን ለዐይን የማያይ፣ መጫወቻውን እየደረደረ ብቻውን የሚውል ሕፃን አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። አንዳንዱ አፉን ሳይፈታ ይቆያል፤ ሌላው የሰማውን ቃል ይደጋግማል፤ የለመደው ነገር ሲለወጥበት ወይም ጫጫታ ሲበዛበት እጅግ የሚጨነቅም አለ። ይህ ሁኔታ ኦቲዝም ይባላል።

ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 እ.ኤ.አ. ስለ 11 ልጆች ጽፎ ሁኔታውን ካሳወቀ በኋላ፣ ጥፋቱ ለብዙ ዓመታት በእናቶች ላይ ተላከከ፤ «ፍቅር ቢነፍጉት ነው» ተባለ። ነገር ግን በ1977 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የታተመ የ21 ጥንድ መንትዮች ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። ከአንድ ዕንቁላል ከተገኙት 11 ጥንዶች መካከል በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው፤ ከተለያዩ ዕንቁላሎች በተገኙት 10 ጥንዶች ግን ሁለቱም የሆኑበት አልተገኘም። እንግዲህ ዋናው መንስኤ አስተዳደግ ሳይሆን የዘር ውርስ መሆኑ ታወቀ። የሕፃኑ አንጎል ገና በማሕፀን ሳለ በተለየ መንገድ ያድጋል፤ የነርቭ ሕዋሳቱ የእርስ በርስ ግንኙነትም ከብዙዎች ይለያል።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ልጅ «ባለጌ» አትበሉት፤ እናቱንም «እርግማን ነው» ብላችሁ አታሸማቅቁ። ለልጁ የሚያሻው ከሰው ዐይን መደበቅ ሳይሆን ትዕግሥትና በጊዜ የተጀመረ ትምህርት ነው።