ኤችዲ ስክሪን በቢጫ ገመድ

አዘና ላይ ድንችና በቆሎ ሸጦ 32 ኢንች «ኤችዲ» ቴሌቪዥን የገዛ ሰው፣ ቤቱ ሲከፍተው ምስሉ ሱቅ ያየውን አልመስል ቢለው የግድ ተታሏል ማለት አይደለም። ሱቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታየው በፍላሽ የተጫነ ጥርት ያለ ቪዲዮ ነው። ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ግን ከሪሲቨሩ በቢጫ ገመድ የሚመጣ የአናሎግ ምስል ነው።

ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ የተከተልነው የአውሮፓ ሥርዓት 625 መስመር አለው፤ ለዓይን የሚታየው 576ቱ ነው። በዲጂታል ሲሰላ ከ415 ሺህ ነጥብ ብዙም አይዘልም። የርካሹ 32 ኢንች ስክሪን ግን አብዛኛውን ጊዜ 1366 በ768፣ ማለትም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነጥብ ነው። ከግማሽ በላዩን ቴሌቪዥኑ ራሱ በግምት ይሞላዋል፤ ቺፑ ርካሽ ሲሆን ግምቱም ርካሽ ነው። በዚያ ላይ ቢጫው ገመድ ቀለሙንና ብርሃኑን ቀላቅሎ ስለሚልክ በጽሑፍ ዳር ነጠብጣብ ይርመሰመሳል፤ የምስሉ መስመሮች በየተራ ስለሚላኩም የሚሮጥ ኳስ ጠርዙ ይበጣጠሳል። ወፍራሙ አሮጌ ቴሌቪዥን ለዚህ ምስል የተሠራ ስለነበር ጉድለቱን ይሸፍን ነበር። «የድሮው ይሻላል» የሚሉ ሰዎች አልተሳሳቱም።

ኢኮኖሚስቶች ተደጋጋፊ ዕቃዎች የሚሏቸው እንደ ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨርና ገመድ ያሉትን ነው፤ የአንዱ ዋጋ የሚታወቀው ሌላው ሲሟላ ነው። ገዢ የማያየውን ሻጭ ሲያውቅ ገበያው እንደሚዛባ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባገለገሉ መኪኖች ምሳሌ አሳይቶ፣ በ2001 ኖቤል ተሸልሞበታል። በካርቶኑ ላይ «ኤችዲ» የሚለው ቃል ስለ ስክሪኑ ብቻ ነው የሚናገረው። ስለ ሪሲቨሩም ስለ ገመዱም ምንም አይልም።

እ.ኤ.አ. በ2006 በጄኔቫ የተፈረመው ስምምነት አናሎግ ስርጭትን ለመተው የያዘው ቀነ ገደብ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። ተመልካቹ ግን መንግሥትን አልጠበቀም፤ በራሱ ገንዘብ ዲሽ ሰቀለ። ዛሬ በኢትዮሳት የሳተላይት መድረክ በኩል የሚመጣው ሥርጭት እስከ ጣሪያው ድረስ ዲጂታል ነው። የሚያናድደው፣ ከሳተላይት በዲጂታል የመጣው ምስል ሪሲቨሩና ቴሌቪዥኑ መካከል ባለችው አንድ ሜትር ላይ ተመልሶ አናሎግ መሆኑ ነው።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ውድ ነው። ስለዚህ ትልቅ ስክሪን ከመመኘት በፊት የኤችዲኤምአይ ገመድ መግዛት ይሻላል፤ ዋጋው ከቴሌቪዥኑ ጋር አይወዳደርም። ሪሲቨርዎ ቀዳዳው ከሌለው የሚቀየረው ሪሲቨሩ ነው። ጣቢያው ራሱ በኤችዲ የማያሰራጭ ከሆነ ገመዱ ተአምር አይሠራም፣ ቢያንስ ግን ቀለሙን አያደበላልቅም። ሱቅ ሲሄዱም ሻጩ ፍላሹን ነቅሎ ቴሌቪዥኑን በሪሲቨር እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።