ክቡ ስንት ጐን አለው?

«ዶክተር፣ ይህን ሁሉ ይተዉትና ዲያሜትሩን ይንገሩኝ።»

ይህን ያሉኝ ለአንድ የብርሃን ሙከራ የሌንስ መያዣ ቀለበት እንዲሠሩልኝ የጠየቅኋቸው አንጋፋ የቶርኖ ባለሙያ ናቸው። እኔ ስለ «ሜሽ»፣ ስለ «ፖሊጎን»፣ ስለ «ስፕላይን» ማብራራት ጀምሬ ነበር። እርሳቸው ካሊፐራቸውን እንደያዙ የኮምፒዩተሩን ስክሪን አንዴ አይተው ፊታቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ ትዕግሥት ያጡ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ነገሩን በሂሳብ ስመረምረው ግን የእርሳቸው ጥያቄ ከእኔ ገለጻ ይልቅ ሳይንሳዊ ሆኖ አገኘሁት።

አብዛኞቹ የኮምፒዩተር ግራፊክስ ሶፍትዌሮች የተሠሩት ለዓይን ነው። ክቡን በአጫጭር ቀጥታ መስመሮች፣ ጐባጣውን ገጽ በጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ይተኩታል፤ ብርሃንና ጥላው ተስማምቶ ስለሚቀባም ስፌቱ አይታይም። የእኔ ቀለበት ዲያሜትሩ 100 ሚሊሜትር የሆነ ቀዳዳ ነበረው፤ በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ግን 36 ጐን ያለው ቅርጽ ነው። ማዕዘኖቹ በትክክል በክቡ ላይ ያርፋሉ፤ የእያንዳንዱ ጐን መካከል ግን ወደ ውስጥ ይገባል። የሚገባበት ልክ 50 × (1 − ኮሳይን 5°) ሲሆን፣ ይህም 0.19 ሚሊሜትር ነው። ኢምንት ይመስላል። ሆኖም ዲያሜትሩ 99.9 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ በዚያ ቀዳዳ አይገባም፤ በግድ ቢገፉት መስተዋቱ ይሰነጠቃል። ስሕተቱን ከ0.01 ሚሊሜትር በታች ለማድረግ 158 ጐኖች ያስፈልጋሉ።

ቶርኖ ይህ ሁሉ አያሻውም። ብረቱ ይሽከረከራል፣ ስለቱ ከማዕከሉ በቋሚ ርቀት ይቆማል፤ ክቡም በቀጥታ ከትርጓሜው ይወለዳል። በኮምፒዩተር የሚታዘዘው የፍሬዛ ማሽንም ቢሆን «ጂ 02» በሚባል አንድ ትእዛዝ ቅስት ይቆርጣል። በእኔ ፋይል ቢሠራ ኖሮ 36 ጊዜ በ«ጂ 01» ቀጥ ብሎ በሄደ ነበር።

የሚያስገርመው፣ ባለሙያው የሰለቿቸው ቃላት አንዳንዶቹ የወጡት ከራሳቸው ሙያ መንደር መሆኑ ነው። «ስፕላይን» መርከብ ሠሪዎች በእርሳስ ክብደት እየያዙ የሚያጐብጡት ቀጭን እንጨት ነበር። ዛሬ በየሶፍትዌሩ ስማቸው የሚነሣው ፒየር ቤዚየርም በሬኖ የመኪና ፋብሪካ የሠሩ መሐንዲስ ነበሩ፤ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የደከሙት የመኪናን ቅርጽ ማሽን ሊቆርጠው በሚችል ቁጥር ለመግለጽ ነው። የሲትሮየኑ ፖል ደ ካስቴልዦ ተመሳሳይ ዘዴ በ1959 ቢያገኙም፣ ኩባንያቸው ምሥጢር አድርጎ ስለያዘው ስያሜው ለቤዚየር ሆነ። (የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ስለ ኅትመት የምንጨነቀው ያለ ነገር አይደለም!)

በመጨረሻ ኮምፒዩተሩን ዘግቼ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ «አሉሚኒየም፣ ውስጠኛ ዲያሜትር 100፣ እስከ 0.05 መስፋት ይችላል» ብዬ ጻፍሁላቸው። ወረቀቱን አነበቡና ገና አልረኩም።

«ሌንሱን ራሱን ያምጡልኝ» አሉ፤ «እኔ እለካዋለሁ።»