ፔታርድ፦ የአንዲት የጦር መርከብ ታሪክ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዲስትሮየር የሚባሉት ፈጣን የጦር መርከቦች ከዋና ሥራዎቻቸው አንዱ ሌሎችን መርከቦች ከሰርጓጅ፣ ማለትም ከባሕር በታች ከሚሄድ መርከብ መጠበቅ ነበር። የእንግሊዟ ፔታርድ በ1942 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረች።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 30 ቀን እርሷና ጓደኞቿ በግብፅ ጠረፍ አቅራቢያ ዩ-559 የተባለውን የጀርመን ሰርጓጅ ለብዙ ሰዓት አሳደው፣ በጨለማ ከውሃ በላይ እንዲወጣ አስገደዱት። ጀርመኖቹ ውሃ ማስገቢያዎቹን ከፍተው ሸሹ። ሌተናንት አንቶኒ ፋሰንና መርከበኛው ኮሊን ግሬዚየር ግን ዋኝተው ገቡበት። ቶሚ ብራውን የተባለ የመርከቧ ሱቅ ሠራተኛም ተከተላቸው። ዕድሜውን ዋሽቶ የተቀጠረ የ16 ዓመት ልጅ ነበር! ሁለቱ የምስጢር መጻሕፍቱን ከታች ሲያቀብሉት እርሱ በመሰላል እየተመላለሰ አወጣ። ድንገት ሰርጓጁ ሰጠመ፤ ፋሰንና ግሬዚየር አብረው ቀሩ። ቶሚ ተረፈ፤ ሆኖም በ1945 ቤታቸው ሲቃጠል እህቱን ለማዳን ገብቶ ሞተ።

መጻሕፍቱ ምን ጠቀሙ? ጀርመኖች መልእክታቸውን ኢኒግማ በተባለ መኪና ይሰውሩ ነበር። የሰርጓጆቻቸውን ምስጢር እንግሊዞች ለአሥር ወር ያህል ማንበብ አቅቷቸዋል። ሰርጓጆቹ ግን የአየር ጠባይ ወሬ በአጭር ኮድ ይልካሉ፤ የባሕር ዳር ጣቢያቸው ያንኑ ወሬ እንግሊዞች በሚያነቡት ሌላ ኮድ መልሶ ያሠራጨዋል። ከተገኙት መጻሕፍት አንዱ ይህ የአጭር ኮድ መጽሐፍ ነበር። ሁለቱን መልእክቶች አስተያይቶ የመኪናውን ቁልፍ መፈለግ ተቻለ። በዲሴምበር እንደገና ማንበብ ጀመሩ፤ መርከቦችም ሰርጓጅ ከሚያደባበት መንገድ ይዞሩ ጀመር።

በዚያው ወር ፔታርድ ከአንዲት የግሪክ መርከብ ጋር ኡአርሼክ የተባለውን የኢጣሊያ ሰርጓጅ አሰጠመች። ስሙ የሶማሊያዋ የዋርሼክ ከተማ ነው፤ የዓይነቱ ሰርጓጆች ሁሉ ደግሞ የሚጠሩት «አድዋ» ተብለው ነው።

የመጨረሻው ታሪክ ግን ይከብዳል። በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1944 ከሞምባሳ ወደ ኮሎምቦ የሚጓዘውን ኬዲቭ ኢስማኢልን አይ-27 የተባለ የጃፓን ሰርጓጅ በቶርፔዶ መታው። የምሥራቅ አፍሪካ መድፈኞችና ነርሶች ነበሩበት፤ ከ1,200 በላይ ሰዎች አለቁ። ሰርጓጁ ከሚዋኙት ሰዎች ሥር ተሸሸገ። ፔታርድና ፓላዲን ከለቀቁት ሌሎቹን መርከቦች ሊመታ ነው፤ ፈንጂ ከጣሉ የሚዋኙትን ይገድላሉ። ጣሉ። እኔ በዚያ አዛዥ ላይ ለመፍረድ አልደፍርም፤ ከሚዋኙት እንደ አንዱ ሆኜ ሳስበው ግን ዝም ማለት ያቅተኛል። በስተመጨረሻ ሰርጓጁን የፔታርድ ቶርፔዶ አሰጠመው፤ ከኬዲቭ ኢስማኢል የተረፉት ከ200 ጥቂት የሚበልጡ ነበሩ።

ፔታርድ በ1967 ተፈታታ ለብረት ዋለች።